ጥጃውን ያረደው ሰው

ዶክተሩ ሁለት የልብ ቫልቮች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አስረዳን። የብረቱ ረጅም ዘመን ያገለግላል፤ ግን ዕድሜ ልክ ደም ማቅጠኛ ኪኒን ያስውጣል፣ ኪኒኑም ለፅንስ አደገኛ ነው። ከጥጃ የልብ ሽፋን የተሠራው ይህ ችግር የለበትም፤ ግን ከዓመታት በኋላ ስለሚያረጅ እንደገና ቀዶ ጥገና ይጠይቃል።

«መውለድ እፈልጋለሁ። የጥጃው ይሁንልኝ» አልሁ።

ከሐይቅ ከተማ አብሮኝ የመጣው አባቴ ሀምዱ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። አሁን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዶክተር፣ ጥጃውን ያረደው ማን ነው?»

ከዶክተሩ ጋር የነበሩት ተማሪ ሐኪሞች ሳቃቸውን ዋጡ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። የእስላም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ እዚህም ድረስ ይከተለናል?

«አባዬ፣ ልበላው እኮ አይደለም! በሰው ፊት አታዋርደኝ!» ብዬ ጮህሁበት።

አልተቆጣም።

«የእስላም ይሁን የክርስቲያን ምን አገባኝ፣ ኢንሳፍ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሐሙስ ለአንቺ ዱዓ ስናደርግ ስሙን ጠርቼ ለእሱም ላስደርግለት ብዬ ነው።»

«ስሙን አላውቀውም፣ አባባ» አለ ዶክተሩ፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ።

«ግድ የለም፣ አላህ ያውቀዋል።»

ስጮህ የወደቀውን ሻሼን አባቴ ከመሬት አንስቶ አለበሰኝ። ፊቴን ሸፈንሁበት።