ናዲስ የሚባል ሰው

«ናዲስ ማነው?» አለች ሰልማ፣ ለቅሶ ለተቀመጡት ሴቶች ሁሉ በሚሰማ ድምፅ።

ጎረቤቲቱ ዓፊያ ጭኗን ቆነጠጠቻት። «አንቺ የጂዳ ልጅ፣ ዝም ማለት አላስተማሩሽም? እናትየዋ ትሰማለች!»

እናትየዋ ረቢአ ግድግዳ ተደግፋ፣ ሻርፗን እስከ አገጯ አውርዳለች። የልጇ የጁወይሪያ ሬሳ ከጂዳ ከመጣ ወዲህ ፊቷን ያየ የለም። ከሚሴ በሙሉ «በወንድ ተቃጥላ ራሷን ከፎቅ ወረወረች» ሲል ሰምታለች። ራሷን ገድላለች ብለው ለጁወይሪያ ዱዓ የሚሰስቱም ነበሩ።

የረቢአ ወንድም ልጅ ሰልማ ግን አላመነችም። አስራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ጂዳ ተወልዳ እዚያው ያደገች፤ ከሬሳው ጋር ነው የመጣችው። ጁወይሪያ ጁምዓ ጁምዓ ከሰው ቤት ሥራዋ እነሰልማ ጋ ትመጣና ፀጉሯን እየጎነጎነች ስለ ቦርከና ወንዝ ታወራላት ነበር። አንድ ጁምዓ ግን ወሬዋን ቆረጠችና፣ «የአሰሪዬ እጅ አያርፍም። ረመዳን ሲፈታ አገሬ እገባለሁ» አለች። አልገባችም። አሰሪው ለፖሊስ፣ «ናዲስ የሚባል ወዳጇን እየጠራች ዘለለች» አለ፤ እንዳለውም ተጻፈ።

ሰልማ እዚያው ጂዳ ከትምህርት ቤት ሾልካ የሕንፃውን ዘበኛ አገኘችው። «ጩኸቷን እኔም ሰምቻለሁ» አላት ሽማግሌው። «ናዲሲ፣ ናዲሲ ትል ነበር። ሰው የምትጠራ ግን አትመስልም።» ጂዳ ያለ የከሚሴ ሰው ሁሉ ተጠየቀ። ናዲስን የሚያውቅ ጠፋ።

አሁን ዓፊያ ጉርሻ ጠቅልላ ከረቢአ ሻርፕ ሥር ሰደደች። «አንዲት ብቻ! በአላህ!»

«ናዺሲ!» ረቢአ እጇን ገፋችው። «ናዺሲ አልኩሽ ዓፊያ!»

ሰልማ ብድግ አለች። «አክስቴ! ምን አልሻት?»

«ተዪኝ ነዋ፣ ልቀቂኝ። አባትሽ ኦሮምኛችንን ቀብሮት ነው ያሳደገሽ?»

«ጁወይሪያስ ስትጨነቅ በምን ነበር የምትጮኸው?»

«በእናቷ አፍ ነዋ! በምን ልትጮኽ ኖሯል?»

ሰልማ እግሯ ሥር ተንበረከከች። «ናዲስ የሚባል ሰው የለም፣ አክስቴ። ዐረቦቹ ዺ ማለት አይችሉም። ልቀቀኝ እያለችው ነበር።»

ሻርፑ ከትንፋሿ ጋር ገባ፣ ወጣ።

ከወንዶቹ ድንኳን የሰፈሩ ሽማግሌ ሀጂ ጀይሉ ስልክ ይዘው ገቡ። «ረቢአ ልጄ፣ አሰሪው እየሰማሽ ነው። ክስ የለንም በይው፣ ነውራችን ይዳፈን።»

ረቢአ ስልኩን ተቀብላ ወደ አፏ አስጠጋችው።

«ናዺሲ።»

ስልኩን ከአፏ ሳታርቅ ደገመችው።

«ናዺሲ! ናዺሲ!»

ከወዲያ ማዶ ሰውዬው ስልኩን ዘጋው።

«ምን አደረግሽ?» አሉ ሀጂ።

«ምን አልሽ ብሎ እንኳ አልጠየቀም፣ ሀጂ። ቃሉን ያውቀዋል።» ወደ ሰልማ ዞረች። «ዐረብኛው ያንቺ፣ ክሱ የኔ።»

ከዚያ ሻርፗን ከፊቷ ገፈፈች። ሴቶቹን በየተራ ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው። ሁለት መዳፎቿን ለዱዓ ዘረጋችና፣ ሁሉም እስኪዘረጉ ጠበቀች።