ነርሷን ያስገባሁት እኔ ነኝ

ይህች ልጅ እህል ሳትቀምስ እስከ መቼ ትዘልቃለች? ትናንት አልበላች፤ ዛሬም ሳህኑን እንደሰጠኋት መለሰችው። ኮምፒውተሩ ፊት ተተክላ ስድቧን ታነባለች።

የልጅ ልጄ ሚጡ አስፈሪ የኮምፒውተር ጨዋታ ትሠራለች። ተጫዋቹ በተዘጋ ሆስፒታል ውስጥ የጠፋች እህቱን ይፈልጋል፤ ጭራቅ ደግሞ እሱን ይፈልገዋል። የመጀመሪያውን ክፍል ያላደነቀ አልነበረም። ሁለተኛው ከወጣ ግን ይኸው ሳምንቱ፣ ተቺ ነን ባዮች ተረባርበውበታል። ሦስተኛውን ትሥራ አትሥራ፣ ድርጅቷ ዛሬ ከሰዓት ተሰብስቦ ይወስናል።

«ደግሞ ምን አሉ?» አልኳት።

«ተይው እማማ።»

«አንብቢ ስልሽ!»

«“ፍርሃት ፍለጋ ገብቼ እንቅልፌ መጣ” ይላል አንዱ።»

«እንቅልፋም! ታዲያ ጨዋታው ምን ያድርገው?»

ፈገግ ብላ ቀጠለች። «“ይቺ ነርስ ደግሞ ከየት የመጣች ናት? ጭራቁ ሊደርስ ሲል መብራት ታበራለች፣ በር ትከፍታለች፣ ‘ወዲያ አትሂድ ልጄ’ ትላለች። አስፈሪ ጨዋታ ነው ወይስ የሕፃናት ማቆያ?”»

ደሜ ፈላ። ለመፍራት ገንዘብ ይከፍላል፣ አልፈራሁም ብሎ ደግሞ ይከሳል። ፍርሃት ከቸገረው እኔን ቢጠይቀኝ በነፃ በሰጠሁት!

ነርሷን ያስገባኋት እኔ ነኝ። ሚጡ ስትሠራ ከኋላዋ ተቀምጬ ምስር ስለቅም፣ ያ ምስኪን ሲሳደድ አላስችል ይለኛል። «ኧረ መብራት አብሪለት! ኧረ አንድ ሰው እንኳ አጠገቡ ይኑር!» እያልኩ ነዘነዝኳት። ደም ግፊቴ ተነስቶ ሐኪም ቤት የወሰደችኝ ሰሞን ነርሷን ሠርታ አሳየችኝ። «አሁን ደስ አለሽ?» አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ።

ለስብሰባው ልትዘጋጅ ገላዋን ልትታጠብ ገባች። ኮምፒውተሩን እንደተከፈተ ትታዋለች። እኔ ስምንተኛ ክፍል የደረስኩ ሰው ነኝ፣ መጻፍ አያቅተኝም። ፊደሉን አንድ በአንድ እየፈለግሁ ከእንቅልፋሙ ጽሑፍ ሥር እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«አያቷ ነኝ። ነርሷን ያስገባችው እኔ ስለፈራሁ ነው። እናንተ ጀግኖች፣ ልጅቷን ተዉአት! ምነው እናታችሁም መብራት አጥፍታ ባሳደገቻችሁ!»

ለካ የወጣው በሚጡ ስም ነው። አፍታም አልቆየ፣ ሳቁ ይጎርፍ ጀመር። «በሦስተኛው ክፍል ጭራቁ ካልሲ ያድርግ፣ እንዳይበርደው» ይላል አንዱ ቀልደኛ ነኝ ባይ። ሌላው ቀልዱን ይቀባበላል። ሥራ ፈት ሁላ!

ሚጡ ፀጉሯን በፎጣ እያደራረቀች ስትወጣ ስልኳ ጮኸ። በድምፅ ማጉያው አነሳችው፤ አለቃዋ ነበር።

«ነርሷ ትግባ ያሉት ጨዋታውን ቀድመው የሞከሩት ተጫዋቾች ናቸው ብለሽን አልነበር?»

«አዎ፣ ሞካሪዎቹ ናቸው።»

«ሞካሪዎቹ አያትሽ ናቸው እንዴ? ራስሽ የለጠፍሽውን እኮ ነው የማነብልሽ! አገር ይስቅብናል። ከሰዓት እንዳትመጪ፣ ሦስተኛውን ለሌላ ሰው ሰጥተናል።»

እንዲያ ብላ እንደሸፈነችኝ መቼ አወቅሁ? ሚጡ ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ ብላ የጻፍኩትን እስከ መጨረሻው አነበበችው። ፎጣውን ወንበሩ ላይ ጣለች።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ሲሰድቡሽ ጊዜ…»

ጫማዋን አጠለቀች።

«እሺ ስደቢኝ! ጩኺብኝ! ፀጉርሽ እርጥብ ነው፣ ብርድ ይመታሻል!»

በሩን ከፍታ ወጣች።