ምንባቡ ምን ይላል?

እኔ አዋላጅ ነኝ። ታናሽ እህቴ የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ መውለድ ቀርቶ ሕፃን እንኳ በወጉ ታቅፋ አታውቅም። ሁለታችንም ለማስተርስ መግቢያ የእንግሊዝኛ ፈተና እየተዘጋጀን ስለሆነ ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ቤት ሳሎን ተቀምጠን አንድ ምንባብ ሠራን። ምንባቡ ስለ ምጥ ነበር። «ለቀባሪው አረዱት!» ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

መልሱን ስናስተያይ እሷ ሁሉንም አግኝታለች፤ እኔ ግማሹን ስቻለሁ።

«ምጥ የያዛት ሴት ትተኛ ይላል እንዴ?» አልኩ እርሳሱን ወርውሬ። «ጸሐፊው አንድ ቀን እኔ ዘንድ መጥቶ ይየው! እኔ ተነሺ፣ ወዲያ ወዲህ በይ ነው የምላቸው።»

«ልክ ነው ማን አለሽ?» አለች እህቴ ረጋ ብላ። «የተጠየቅሽው ጸሐፊው ምን አለ ተብለሽ ነው። አንቺ ግን ርዕሱን እንዳየሽ የምታውቂውን መለስሽ። ምንባቡን መች አነበብሽው?»

ደሜ ፈላ። የምመልስላትን ሳሰላስል ልጄ ከመኝታ ቤት ብቅ አለች።

«እማዬ፣ ሰኞ ትምህርት ቤት አልሄድም።»

«አውቄዋለሁ! ይሄ ስንፍናሽ...» ብዬ ጀመርኩ።

እህቴ ቀና ብላ አየችኝ።

አፌን ያዝ አደረግሁ። ልጄ እንደ ልማዷ ፊቷን አዙራ መመለስ ጀምራ ነበር።

«ነይ እስቲ፣ እዚህ አጠገቤ ተቀመጪ» አልኳት። «ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

አክስቷን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች።

«እስከ መጨረሻው ትሰሚኛለሽ?» አለች።