ውሃ ይጠጣሉ?

ወረቀቱን ከላቦራቶሪው መስኮት ተቀበልኩ። አስረኛ ክፍል ጨርሻለሁና ከዩሪያው ቁጥር አጠገብ የተጻፈችው ኤች «ከፍተኛ» ማለት እንደሆነች አልጠፋኝም። ዩሪያ ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ መሆኑንም ሰምቻለሁ። ሐኪሙ ጋ እስክንገባ ድረስ እኔ በሐሳቤ ሞቼ ተቀብሬ፣ ልጄ ፀደይም የስፌት መኪናዬን በርካሽ ሸጣዋለች።

ዶክተር ሓድጉ ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። ወረቀቱን አየት አደረገና፣

«ኣደይ ማዘንጊያ፣ አይደንግጡ» አለኝ፣ በትግርኛ እናቴ ብሎ። «ዩሪያ ከፍ አለ ማለት ሁልጊዜ ኩላሊት ታመመ ማለት አይደለም። ክሬቲኒን የሚባለው ሌላው የኩላሊት ምርመራዎ ደህና ነው። ብዙውን ጊዜ እንዲህ የሚሆነው ሰውነት ውሃ ሲያንሰው ነው። ውሃ ይጠጣሉ?»

«በደንብ ነው የምጠጣው።»

«ቀን ቀን፣ ሥራ ላይም?»

«ሥራ ላይም።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «እንግዲያው ሌላ ምክንያት መፈለግ አለብን» ብሎ አልትራሳውንድ አዘዘልኝ።

እውነቱን በምን አፌ ልንገረው? ሓድነት ሰፈር ልብስ የምሰፋበት ግቢ ውስጥ ያለው ሽንት ቤት አንድ ነው። ቁልፉ እዚያው ግቢ ባለው በኣስፋሃ ጋራዥ ውስጥ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። እሱን ለማውረድ መኪና ሥር በተኙ ወንዶች መካከል አልፋለሁ። ቧንቧው ስለሚደርቅ በእጄ ውሃ የሞላ ሃይላንድ እይዛለሁ፤ ወዴት እንደምሄድ የማያውቅ የለም። አንድ ቀን ኣስፋሃ፣ «ኣደይ ማዘንጊያ፣ ሽንት ቤቱን ተከራየሽው እንዴ?» አለኝ፤ ሠራተኞቹ ሁሉ ሳቁ። ኣስፋሃ ቀልደኛ ነው፣ ክፋት የለውም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ጠዋት ከቤት ከወጣሁ ማታ እስክመለስ ጉሮሮዬን አላረጥብም። ሐኪሙ ስለ ውሃ ሲያወራ ደግሞ የሚያባብለኝ መሰለኝ። ኩላሊቴ ካለቀለት ወዲያ የኔ መዋረድ ምን ይጠቅማል ብዬ ዋሸሁት።

ታክሲ ውስጥ ፀደይ፣ «ጅማ አልሄድም» አለች። ዩኒቨርሲቲ ለነርስነት ተመድባ፣ አጎቷ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጦላታል።

«ምን ነካሽ?»

«አንቺን እንዲህ ጥዬ ነው የምሄደው? ኩላሊት ካስፈለገም የኔን ይመርምሩ። እኔ አንዱ ይበቃኛል።»

ይህን ያለችው ዳቦ ልቁረስልሽ እንደማለት አድርጋ ነው። «ወራጅ!» ብዬ ጮህኩ። እጇን ይዤ በእግር ወደ ሐኪሙ መለስኳት።

በሩ ላይ ቆሜ፣ «ዶክተር፣ ዋሽቼዎታለሁ። ቀን ውሃ አልጠጣም» አልኩ።

«ለምን፣ ኣደይ?»

ወለሉን እያየሁ ቁልፉንም፣ ወንዶቹንም፣ ሃይላንዱንም ተናገርኩ። ጆሮዬ እንደ እሳት ጋለ። ፀደይ «ለዚህ ነው?» ብላ ሳቅ አመለጣትና ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ሐኪሙ አልሳቀም።

«ስንት እናት በዚሁ ምክንያት ዋሽታኛለች መሰለዎት» አለ። «አሁን ይጠጡ። ከዚያ ምርመራውን እንደግመዋለን።»

ጠጣሁ፣ ተደገመ፤ ኤቿ ጠፋች። ደስ ሊለኝ ሲገባ ይብስ አፈርኩ። በአንድ ብርጭቆ ውሃ ምክንያት የልጄን ኩላሊት ልወስድ ነበር።

ፀደይ የምትሄድ ዕለት ከአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ደወለች። እኔ ሱቅ ውስጥ ለአንዲት ደንበኛ ቀሚስ እለካለሁ። የልጄ ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ ቤቱን ሞላው።

«ጠጣሽ?»

«ጠጣሁ።»

«ሄድሽስ?»

ደንበኛዬ ቀና ብላ አየችኝ። «እሄዳለሁ» አልኩ በሹክሹክታ።

«ሳትሄጂ አልሳፈርም፣ እማ። ሙች!»

ስልኩን ሳልዘጋ ኪሴ ከተትኩት። ሃይላንዴን ይዤ ጋራዡ በር ላይ ቆምኩ። ወንዶቹ ሁሉ ዞሩ። ፊቴ ሲቃጠል ይሰማኛል፤ ተመለሽ ተመለሽ የሚለኝ ነገርም አልቀረም።

«ኣስፋሃ፣ የሽንት ቤቱን ቁልፍ አቀብለኝ!» አልኩ፣ ካሰብኩት በላይ ጮክ ብዬ።

ኣስፋሃ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ቁልፉን አወረደልኝ። «ዘይት ፈሷል፣ ኣደይ፤ በዚህ በኩል እለፊ።»

አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

«ሰማሁ» አለችኝ ፀደይ ከኪሴ። «በቃ፣ ልሳፈር።»