በቁልፉ ላይ የታሰረው ስም

የዚህ ሰፈር ሰው ሲመርጥ እጁን አያወጣም። ድሮ ያወጣ ነበር፤ አንዱ ሁለት እጁን አውጥቶ ሲቆጠር ከተያዘ ወዲህ ግን ከየቤቱ አንድ ሰው የቤቱን ቁልፍ ይዞ ይመጣና በመረጠው ሰው ፊት ያስቀምጣል። አንድ ቤት፣ አንድ ቁልፍ። አለቀ።

የሰፈሩ ሊቀመንበር ታዲያ ብልጥ ነኝ ባይ ናቸው። ምርጫውን ለሰኞ ረፋድ ቀጠሩት፤ የሚያጉረመርሙባቸው ወንዶች ሁሉ ሥራ የሚሄዱበት ሰዓት ነዋ! ሥራ የሚሄድ ሰው ግን ቁልፉን ለማን ትቶ ነው የሚወጣው? ይህቺን አላሰቧትም።

ተፎካካሪያቸው ልብስ ሰፊዋ ናት። ሹመት አምሯት እንዳይመስላችሁ። የሰፈሩ ሴቶች ከሰዓት በኋላ ፊደል የሚማሩበትን አዳራሽ ሊቀመንበሩ «የሲሚንቶ መጋዘን አደርገዋለሁ» ስላሉ ነው። ዛሬ ከተሸነፈች ትምህርቱን ውሃ በላው። በዚያው አዳራሽ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ የሚገባውን ሰው ትቆጥራለች።

ሴቶቹ ተራ በተራ ገቡ። ባሏ «አንቺው ጣይልኝ» ያላትም መጣች፣ ባሏ ዝም ያላትም መጣች። ቁልፉ በልብስ ሰፊዋ ፊት ሲከመር የሊቀመንበሩ ፊት ዳመነ።

«ቆይ፣ ቆይ!» አሉ። «ማን የማንን አሮጌ ቁልፍ ለቅሞ እንደመጣ በምን ይታወቃል? ያመጣው ሰው ስሙን በወረቀት ጽፎ ይሰርበት። በገዛ እጁ! ያልተጻፈበት አይቆጠርም።»

ወይ ሰውዬው! አንድ ቀን እንኳ ከሰዓት በኋላ ብቅ ብለው ቢያዩ ምን ነበረበት? ሴቶቹ እስክሪብቶ እየተቀባበሉ፣ ምላሳቸውን ነከስ አድርገው ጻፉ፤ ክሩን ልብስ ሰፊዋ ከቦርሳዋ አወጣች። የሊቀመንበሩ ሁለት ወዳጆች ግን ፊርማቸው አውራ ጣታቸው ነውና ቁልፋቸውን ኪሳቸው መልሰው ጣራ ጣራውን ያዩ ጀመር። ሊቀመንበሩ አርፈው ቢቀመጡ አሥራ ስምንት ለአሥራ ሰባት ያሸንፉ ነበር፤ የቆጡን አወርድ ብለው የብብታቸውን ጣሉ።

አሁን አሥራ ስድስት ለአሥራ ስድስት ሆነ። የቀሩት የልብስ ሰፊዋ አማት ብቻ ናቸው።

አማቷ ትምህርቱን ከጀመሩ ሦስት ወር አልሞላቸውም፤ ያውም «ለጥላው ብዬ ነው የምቀመጠው» እያሉ። ባላቸው አናጢ ነበሩ፤ ከሞቱም በኋላ ሰፈርተኛው እኚህን ሴት «የአናጢው ሚስት» እንጂ ሌላ ብሎ ጠርቷቸው አያውቅም።

«ቀስ ብለው እማማ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«አንቺ ደግሞ! ማን ያሯሩጠኛል?»

«የሟቹን ስም ነው የሚጽፉት?» ጠየቁ ሊቀመንበሩ።

«ሟች ምን ቁልፍ አለው ልጄ? የምከፍተውም የምዘጋውም እኔ ነኝ።»

አንድ አንድ ፊደል እየጠሩ ጻፉ። ከዚያ ወረቀቷን በክር አስረው ቁልፉን ለምራታቸው ሰጡ።

ልብስ ሰፊዋ ከፍ አድርጋ ሙሉ ስማቸውን አነበበችው። ፊደሎቹ ተንጋደዋል፤ አንዱ ከወረቀቱ ሊወጣ ምንም አልቀረው። ግን ይነበባል! ሴቶቹ እልል አሉ፤ እሷ ግን የሳምንት ጭንቀቷ አንዴ ለቀቃትና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ምን ያስለቅስሻል?» አሉ አማቷ ደንግጠው። «ተሳሳትኩ እንዴ?»

«አልተሳሳቱም እማማ» አለች፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም። «አንዲትም ፊደል አልተሳሳቱም።»