የማይረጋው ቱንቢ

የምሠራው የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ከሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት ነው። አባቴ ሥራዬን ለሰው ሲያስረዳ "ልጄ ተቀምጣ ቃል ትለቅማለች" ይላል፤ ኩራት ይሁን ፌዝ እስካሁን አልገባኝም። እሱ ራሱ ለአርባ ዓመት ግንበኛ ነበር። ሰፈሩ ስሙን ትቶ "ቱንቢ" ብሎ ነው የሚጠራው። ቱንቢ ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያይበት፣ በሲባጎ ጫፍ የሚንጠለጠል ክብደት ነው። የአባቴን ቱንቢ በወጣትነቱ ከአሮጌ ቧንቧ እርሳስ አቅልጦ ራሱ ነው የሠራው፤ ከኪሱ ተለይቶ አያውቅም።

አንድ ሳምንት እንድፈታው የደረሰኝ ቃል "ፕላምብ" ነበር። እንግሊዞች ቀጥ ብሎ የቆመን ነገር እንዲህ ይሉታል። ምንጩን ሳገላብጥ ላቲን ላይ ደረስኩ፤ እዚያ ቃሉ እርሳስ ማለት ነው፣ ማዕድኑ። ከማዕድኑ ወደ ቱንቢው፣ ከቱንቢው ወደ ቀጥታው እየተሻገረ መጥቷል። ሳቄ መጣ። እኔ ሦስት ቀን መጽሐፍ ያገላበጥኩበት ነገር አባቴ ኪስ ውስጥ ነበር።

ከቢሮ ወጥቼ አክስቴ ቤት ሄድኩ። አባቴ ለታናሽ እህቱ ከጓሮ አንዲት ክፍል እየሠራላት ነበር። ግድግዳው አልቋል፤ በማግስቱ አናጢው መጥቶ ጣሪያ ሊመታ ነው። የአክስቴ አልጋ የሚገባው ከኋለኛው ግድግዳ ሥር ነው።

"አባዬ፣ ቱንቢህን እስቲ አሳየኝ" አልኩት። "እንግሊዞቹ ቀጥ ያለውን ነገር በእርሳስ ስም ነው አሉ የሚጠሩት።"

"ታዲያ በምን ሊጠሩት ኖሯል?" አለና አውጥቶ ሰጠኝ።

"አንተ ያዘው፤ አያያዙን ልጽፍ ነው።"

"ዛሬ ነፋስ አለ።"

ነፋስ አልነበረም። ገመድ ላይ የተሰጣው የአክስቴ ሻሽ ንቅንቅ አላለም። ስነዘንዘው ጊዜ ሲባጎውን ከኋለኛው ግድግዳ አናት ላይ በውስጥ በኩል ይዞ ቱንቢውን ቁልቁል ለቀቀው። እርሳሱ ወዲያ ወዲህ አለ። እስኪረጋ ጠበቅን፤ አልረጋም። ያኔ ዓይኔ ወደ እጁ ሄደ፤ ይንቀጠቀጣል። ባለፈው ዓመት ከታመመ ወዲህ ሻይ በሁለት እጁ ነው የሚጠጣው፤ እኔ በርዶት መስሎኝ ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩት።

"ከመሠረቱ።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ በምን ገነባኸው?"

"በዓይኔ። አርባ ዓመት የሠራ ዓይን እኮ ነው።"

ልጅ ሳለሁ ያስተማረኝ ራሱ ነው፤ "ዓይን ዘመድ ነው፣ ለባለቤቱ ያደላል። ቱንቢ ግን ባዳ ነው" ይለኝ ነበር። ረዳት ጠይቆ ችግሩን ከሚናገር ግን የገዛ ሕጉን ማፍረስ መረጠ። ለአባቴ ኩራት እራት ነው።

ሲባጎውን ወስጄ እኔ ያዝኩት። እርሳሱ ረጋ። ከላይ በሲባጎውና በግድግዳው መሀል አንድ ጣት ይገባል። ጎንበስ ብዬ ከታች ለካሁ፤ ሦስት ጣት። ግድግዳው አልጋው ወደሚገባበት አዘንብሏል።

"ስንት ነው?" አለ። ከታችኛው ረድፍ ወዲህ ወገቡ ስለማይታዘዝለት ጎንበስ ብሎ ማየት አይችልም። "ቀጥ ነው" ብዬ ብነግረው ያምነኝ ነበር። ለማለትም ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ የሕይወቱ የመጨረሻ ግድግዳ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን።

"ሁለት ጣት ወጥቷል፣ አባዬ።"

አክስቴን ጠርቶ "ለአናጢው ነገ እንዳይመጣ ንገሪው" አላት። "ከወገብ በላይ ይፈርሳል።"

"ኧረ ጋሼ፣ ሁለት ጣት ምን አላት?"

"ሥሯ የምትተኚው አንቺ ነሻ።"

የሳምንት ፈቃድ ወሰድኩ። እሱ ብሎኬቱን ቀስ እያለ ይደረድራል፤ እኔ በየረድፉ ሲባጎ እይዛለሁ። መጀመሪያ ላይ አያናግረኝም ነበር፤ በሁለተኛው ቀን "ቃል ለቃሚዋ" እያለ ያሾፍብኝ ጀመር። በአምስተኛው ቀን የመጨረሻው ረድፍ አለቀ። ከላይም ከታችም ለካሁ።

"ቀጥ ነው" አልኩት። "ና፣ ደግፌህ ጎንበስ በልና ራስህ እየው።"

"አይቼ ምን አደርጋለሁ?" አለ። "ያን ቀን አላደላሽልኝም።"

ሲባጎውን ጠቅልዬ ቱንቢውን ልመልስለት እጄን ዘረጋሁ። እሱ ግን አልተቀበለኝም፤ ባዶ እጁን ኪሱ ከተተ።