እርጥብ እንጨት

የደንበኛዋን ቀሚስ ጠርዝ እየቀመቀመች ነበር፤ ግማሹን አድርሳለች። የቀድሞ ባሏ እናት ግድግዳውን እየዳበሱ ከመኝታ ክፍላቸው ወጡ። ከአልጋቸው እስከ ሳሎን አሥራ አራት እርምጃ ነው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ቤቱን የሚያዩት በመዳፋቸው ነው። ልጃቸው ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ከምራታቸው ጋር የቀሩትም ለዚሁ ነው። «እኔ የተጋባሁት ከቤቱ ጋር ነው» ብለው ነበር ያኔ።

«መጣ?» አሉ።

«ዕቃ ቤት ነው፣ እማማ። መሣሪያውን እየሰበሰበ።»

«ገዢውን ነው የጠየቅኩሽ። ልጄንማ በሳሉ አውቄዋለሁ።»

ፍርድ ቤቱ ቤቱ በሐራጅ ተሽጦ ገንዘቡን እኩል እንዲካፈሉ ወስኗል። ሽያጩን የጠየቀው የቀድሞ ባሏ ነው፤ የራሱን የእንጨት ሥራ መክፈት ይፈልጋል። ጨረታው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ እስካሁን የተመዘገበ የለም። እንዲሁ ከተዘጋ በግምቱ ዋጋ የእሱን ድርሻ ከፍላ ቤቱን ልታስቀር ትችላለች። ለዚያ የሚሆነውን ከእህቷ ተበድራ ይዛለች። አንድ ሰው ከግምቱ በላይ ከሰጠ ግን አለቀ፤ እሷና እማማ የኪራይ ክፍል ፍለጋ ይወጣሉ። አንድ ሰው ደግሞ ዛሬ ቤቱን ሊያይ ይመጣል።

አናጢው የቀድሞ ባሏ በጓሮ በር ሊገባ ሞከረ። በሩ በዝናቡ አብጦ ወለሉን እየፋቀ ግማሽ ድረስ ተከፈተና ቀረ። በትከሻው ገፍቶ ገባ። ዞሮ ጠርዙን አየው፤ ከዚያ የመሣሪያ ሳጥኑን ከፍቶ የእንጨት መላጊያውን አወጣ።

«ተወው» አለች፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ።

«አምስት ደቂቃ አይፈጅም።»

«ተወው አልኩህ።»

«ሰው እየመጣ? እንዲህ እያቃሰተ? የእጄ ሥራ እኮ ነው!»

«ያቃስት» አሉ እማማ። «እኔም ስነሳ ስቀመጥ አቃስታለሁ፤ መላጊያ ይዞ የመጣብኝ የለም።»

አንዴ እናቱን፣ አንዴ እሷን አየ። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች።

«ማንም ካልተጫረተ እኔ እወስደዋለሁ። በግምቱ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህስ? በጨረታ የተሻለ ያወጣልሃል።»

አልካደም። መላጊያውን እንደያዘ ቆሞ ሳለ የፊት ለፊቱ በር ተንኳኳ።

የፍርድ ቤቱ አስፈጻሚ ዶሴውን በብብቱ ሸጉጦ ገባ፤ ከኋላው አንድ ሲሚንቶ ነጋዴ ተከተለው። ነጋዴው ግድግዳውን በጣቱ አንጓ እየቆረቆረ ዞረ። መስኮቶቹን አይቶ «ጥሩ ነው» አለ። ጣሪያውንም አይቶ «ጥሩ ነው» አለ። እሷ መርፌውን ታስገባለች፣ ታወጣለች፤ የት እንደምትወጋ ግን አታይም። ነጋዴው የጓሮው በር ጋ ሲደርስ ገፋው፤ እንቢ አለ። ደግሞ ገፋው።

«ይሄ ምንድን ነው? እንጨቱ ነው ያበጠው ወይስ ግድግዳው ሰምጧል?» ወደ መላጊያው አየ። «ወንድሜ፣ አናጢ ነህ መሰለኝ።»

መልሱን እሷም ታውቀዋለች። በተጋቡ ሰሞን ለዚያ በር ሲሉ ሁለት ክረምት በበር ፋንታ መጋረጃ ሰቅለው ኖረዋል። ባሏ ሳንቃዎቹን እንዲደርቁ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ደርድሮ፣ በየሳምንቱ አፍንጫውን አስጠግቶ «ገና ነው» ይል ነበር። ዝናቡ ፍራሻቸውን ሲያርሰው አለቀሰች። «እርጥብ እንጨት ቤቴ አይገባም» አላት። የመጀመሪያ ጠባቸው ያ ነው። ከዚያም በኋላ ያጣደፈውን ደንበኛ ሁሉ ቀብዱን እየመለሰ ሸኝቷል።

አናጢው አውራ ጣቱን በበሩ ጠርዝ ላይ ከላይ እስከ ታች አስኬደ።

«የሠራው ሰው እርጥብ እንጨት ነው የተጠቀመው» አለ።

«ግድግዳውስ?»

«በሩን እንዲህ ያደረገ ሰው መሠረቱን እንዴት እንደጣለው እኔ ልምልልዎት አልችልም።»

ማን እንደሠራው ከዶሴው የሚያውቀው አስፈጻሚ፣ ድንገት የሚያነበው ነገር አገኘ። 

«እርጥብ ነበር» አሉ እማማ። «ያኔም ነግሬው ነበር። ምክር የማይሰማ ደነዝ!»

ነጋዴው ሳቀ። «እስቲ ላስብበት» አለና የጣቱን ኖራ አራግፎ ወጣ። አስፈጻሚውም ተከተለው።

አናጢው መላጊያውን በጨርቁ ጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ መለሰው።

«ዝናቡ ሲያበቃ በራሱ ይመለሳል። ማንም እንዳይነካው።»

«ሁለት ክረምት ነው የደረቀው» አለች።

«ሁለት ክረምት ከአንድ ወር።»

የበሩን እጀታ ወደ ላይ ሳብ አድርጎ፣ ወለሉን ሳያስፍቅ በጓሮ ወጣ።

ከአሥራ አንድ ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ ስልኳ ጮኸ። አስፈጻሚው ነው። «የተመዘገበ የለም፣ እህቴ። ሰኞ ጠዋት ክፍያውን ይዘሽ ነይ።»

«ምን አለ?» አሉ እማማ።

«እንዳለን ነን።»

አሮጊቷ ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ አልጋቸው ተመለሱ፤ እርምጃቸውን አንድ በአንድ ሰማችው።

ቀሚሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው። ነጋዴው ሲዞር የሰፋችው ጠማማ ሆኗል። ሰባት ስፌት ፈትታ እንደገና ቀመቀመችው፤ እስከ ጫፍ አደረሰችው። ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ቀሚሱን አጣጥፋ መደርደሪያው ላይ አኖረችው።